«ደህና» የተባለው ደም

በሥራ ቦታዬ «ዓይን አውጣ» ይሉኛል። ስድብ አይደለም፤ የሥራ መደቤ ነው። ገና ያልተወለዱ አይጦችን ዓይን አውጥቼ፣ በሰም ውስጥ አስቀምጬ፣ ከፀጉር በአሥር እጅ እያሳሳሁ የምቆርጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ድሮ ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር፤ ሰዉ ግን አይጥ የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላው አይገባውም፣ እጄን እያየ ወንበሩን ራቅ ያደርጋል። አሁን «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ እገላገላለሁ።

ለዛሬ ግን ማስረዳት ግድ ይለኛል፤ አሳጥረዋለሁ። የዓይን ሌንስ መጀመሪያ ቆዳ ነበር። መጀመሪያ ስሰማው እኔም አላመንኩም፣ በኋላ ግን ራሴ ቆርጬ አየሁት። አይጧ ባረገዘች በአሥረኛው ቀን ገደማ በሽሉ ጭንቅላት ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ ወፈር ይላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ጉድጓዱ አፉን ይገጥምና ትንሽ ኳስ ይሆናል፣ ኳሱም ከቆዳው ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ይሄን ሁሉ የሚያዝዙ ዘረመሎች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ያኛው ደግሞ ሦስተኛውን። እኛ ክፍል የምናጠናው ኳሱን ከቆዳው የሚያስቆርጠውን ነው። ረጅም የሳይንስ ስም አለው፤ እኛ ግን «ቆራጩ» እንለዋለን። ቆራጩ ከተበላሸ ኳሱ ከቆዳው አይለቅም፣ በቀጭን ክር ተያይዞ ይቀራል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። አይጥ ላይ ሲሆን ውጤት ይባላል፤ ሰው ላይ ሲሆን የዓይን ሞራ ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የክፍላችን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ከአይጥ አለፍ ብለው የሰው ደምም መመርመር ጀመሩ። የታማሚ ደም ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ አጠገቡ የጤነኛ ሰው ደም ተቀምጦ መነጻጸር አለበት። «ጤነኛ ፈቃደኛ ፈልጊ» አሉኝ። በየኮሪደሩ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። አንድ ሰው መጣ፤ እሱም የመጣው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስብኝ ታች ክሊኒክ ወርጄ ነርሷን ለመንኩና ከራሴ ክንድ አስቀዳሁ። ብልቃጥ ላይ የሰው ስም መጻፍ ክልክል ስለሆነ በእስክሪብቶ «ደህና» ብዬ ጻፍኩበት። ፕሮፌሰሩ «ተገኘ?» ሲሉኝ «ተገኘ» አልኳቸው። ከዚያ ያለፈ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ደሙ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ታች ወርጄ እሞላው ነበር።

«ደህና ነሽ?» ሲባል ሄዶ ተመርምሮ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። «ደህና» ይላል፣ ያልፋል። እኔም ያደረግሁት እሱኑ ነው። የኔ «ደህና» ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ የሌላው ሰው ሁሉ መለኪያ ሆነ።

ታናሽ ወንድሜ ያገባት ልጅ የራሷ ስም አላት፤ እኛ ቤት ግን ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ «ሙሽሪት» ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ሙሽሪት። ቀልደኛ ነበረች። እማዬ ስልክ ስታነሳ የምታወጣውን ድምፅ አስመስላ ስታወራ እማዬ ራሷ እስክታነባ ትስቅ ነበር። እኔም እወዳታለሁ፤ እኔ ደግሞ ሰው ቶሎ የምወድ ሰው አይደለሁም።

የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ሚጣ፣ ስትወለድ ወንድሜ «ዓይኔን በዓይኔ አየሁ» እያለ በስልክ ጮኸብኝ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሕፃኗን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ፣ ዓይኗን ገለጠች። በሁለቱም ብሌኖቿ መሃል ነጭ ነገር ነበር። አይጥ ላይ ሺህ ጊዜ ያየሁትን በልጃችን ፊት ላይ ሳየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሙሽሪት «ምነው እትዬ?» አለችኝ። «ምንም፣ ቆንጆ ናት» አልኳት። በነጋታው ሐኪም ጋ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

ሞራው በሦስት ወሯ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። በላስቲክ ከጭንቅላቷ ጋር የሚታሰር ወፍራም መነጽር ተሰጣት። ምን ያህል እንደምታይ ወደፊት ይታወቃል ተባልን። እማዬ ግን ወደፊቱን የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም፤ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረች። ሙሽሪት የዋህ ናት፤ ማርገዟን ሳታውቅ፣ በሁለተኛው ወር፣ ለራስ ምታት አራት ቀን ክኒን መዋጧን ራሷ ተናገረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ክኒን ከቤቱ አልወጣም። ሚጣ ስታለቅስ ክኒኑ ይነሳል፣ ሚጣ የወረወሩላትን ኳስ ስታጣው ክኒኑ ይነሳል። «የኛ ዘር ንጹሕ ነው» ትላለች እማዬ። ራሷ በአርባ ሁለት ዓመቷ ሞራ አስወጥታለች፤ እሱ ግን በሷ ቤት ከዘር ጋር አይገናኝም፣ አባዬ በሞተ ዓመት ካለቀሰችው ለቅሶ የመጣ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ዓይን ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ይሄን የለቅሶ ነገር አምኜ ተቀምጬ ነበር። የእናቱን ወሬ ላብራቶሪ ወስዶ የሚመረምር ሰው የለም።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ ዝም ባይ ነው። ሚስቱ ስትሰደብ ጋዜጣ ያነባል። አንድ ቀን ግን ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ እናንተ ጋ መርምሩልንና ይለይለት» አለኝ። ፕሮፌሰሩ ደግ ናቸው፣ እሺ አሉ። የሦስቱንም ደም ወሰድን፣ የአባትን፣ የእናትን፣ የልጅን። መጀመሪያ የሚጣን አየን። ከቆራጩ ዘረመል ውስጥ አንዷን ቦታ ነበር የምንፈልገው፤ ያቺን ቦታ ከዚያ በፊት አይጥ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይተናት አናውቅም። ዘረመሉ በኬሚካል ይቆራረጥና ቁራጮቹ ጄል በሚባል የረጋ ዝልግልግ ነገር ላይ ይለያያሉ፤ በመብራት ሲታዩ ሰረዝ ሰረዝ ይመስላሉ። ጤነኛ አይጥ ሁለት ሰረዝ አላት። የሚጣ ሦስት ወጣ።

«ሦስት ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ግር ብሏቸው።

«ደህናውም ሦስት ነው» አልኳቸው እኔ፣ አጠገቡ ያለውን መስመር እያሳየሁ።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ ሰው ላይ ሦስት ነው ማለት ነው» አሉ። እኛ ክፍል እንደዚህ ነው የሚታሰበው። የታመመው ይጠየቃል፣ አይጡ ይጠየቃል፣ ደህናው አይጠየቅም። የወላጆቹን ደም ማየት ሳያስፈልገን ማቀዝቀዣ ውስጥ መለስነው።

በዚያው ቀን ወንድሜ ቤት ሄጄ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። «ከዘር አይደለም። ሌላ ልጅ መውለድ ትችላላችሁ፣ ምንም አትፍሩ» አልኩ። የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ ነበር። እማዬ ቀስ ብላ ወደ ሙሽሪት ዞረች። ወንድሜም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋዜጣው ቀና ብሎ ሙሽሪትን አያት። ከዘር ካልሆነ ከምን እንደሆነ ሁሉም በየልቡ ደመረ። እሷ እጇን እያየች ነበር። ያኔ ነገር ገባኝ፤ ግን ውጤት ውጤት ነው ብዬ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ዛሬ ድረስ ያቺን ሻይ ሳስብ ራሴን እጠላለሁ።

ከዚያ በኋላ ሙሽሪት የሰው ድምፅ ማስመሰሏንም መቀለዷንም ተወች። ሚጣን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መነጽሯን ትወለውልላታለች፤ ፊቷን ግን አታያትም። ልጇን ስታለብስ እንኳ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ነው የምታየው። እኔ ዓይን እንጂ ሌላ ነገር ማየት የማልችል ሰው ስለሆንኩ ይሄ አላመለጠኝም።

ስድስት ወር አለፈ። የሚጣ መነጽር የሚለካበት ቀን ደርሶ ሦስታችን ዓይን ክሊኒክ ሄድን። መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሎ ነበር። ሙሽሪት ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ሻርፑ ሸርተት ሲል ግራ ጉንጯ አብጦ አየሁት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጥርሴ ነው።»

«ምን ወሰድሽለት?»

«ምንም። በጨው ውኃ እጉመጠመጣለሁ።» ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ።»

እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«አንቺ ከዘር አይደለም ስላልሽኝ ነው የደፈርኩት። ይሄኛውን አንድ ፍሬ ክኒን ሳላስነካው ነው የምወልደው። ጥርሴ ይርገፍ። ሙሉ ጤነኛ ልጅ አምጥቼ እማማ ጭን ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ያኔ የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ ያጠፋኋት ብዬ አምናለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃታለሁ።»

«ለባልሽ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ተጠንቀቂ› አለኝ።»

የወንድሜን አንገት ማነቅ አማረኝ። ደግሞ እኔ የማውቀው፣ እሷ የማታውቀው ነገር አለ፤ በሦስተኛው ወር የሰው ሌንስ ተሠርቶ፣ ከቆዳው ተቆርጦ፣ ቦታውን ከያዘ ቆይቷል። የምትጠነቀቅለት ነገር ካለቀ ሳምንታት አልፈዋል። ይሄን ልነግራት ስል ተጠራን።

ሚጣ የመመርመሪያውን መብራት ስታይ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ጮኸች። ሙሽሪት ልታባብላት ኮሪደር ይዛት ወጣች። የዓይን ሐኪሟ ሥራዬን ስለምታውቅ ትቀልድብኛለች። «እስኪ እስኪረጋጉ አንቺን ልይሽ፤ የሰው ዓይን ስትቆርጪ የራስሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«የአይጥ ነው የምቆርጠው» አልኩና አገጬን ማሳረፊያው ላይ አስቀመጥኩ።

መብራቱን ወደ ቀኝ ዓይኔ አመጣችው። ወደ ግራው ወሰደችው፣ መልሳ ወደ ቀኙ አመጣችው። ሐኪም አንዱን ዓይን ሁለቴ ሲያይ እንደማልወድ የዚያን ቀን አወቅሁ።

«ዓይንሽን ታክመሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ምነው?»

«ሌንስሽ ፊት ለፊት ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። በሁለቱም ዓይን። በቀኙ ደግሞ ከነጥቧ ክር መሳይ ነገር ወጥቶ ወደ ፊተኛው ሽፋን ይሄዳል። አይዞሽ፣ እይታሽን አትጋርደውም። አብራሽ የተወለደች ናት።» ከመሣሪያው ቀና አለች። «የሕፃኗ አክስት ነሽ አይደል? በእናቷ በኩል ወይስ በአባቷ?»

«በአባቷ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። ክሩን አውቀዋለሁ። ስንት መቶ ጊዜ ቀለም ቀብቼ፣ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። ብልቃጡ ትዝ አለኝ፤ የራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «ደህና»። የሚጣ ሦስት ሰረዝ ከኔ ሦስት ሰረዝ ጋር ነበር የተነጻጸረው። ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ተመሳሰለች፣ እኛም ዘረመሏ ጤነኛ ነው አልን።

በነጋታው ሁሉም ሳይገባ ላብራቶሪ ደረስኩ። ከማቀዝቀዣው ውስጥ የሙሽሪትንና የወንድሜን ደም አወጣሁ፤ የሚጣን አወጣሁ፤ የራሴን አወጣሁ። ለሌላ ጥናት ከመጡ ሰዎች ደግሞ አምስት ጨመርኩ። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ለዚህ ነው የሚከፈለኝ፤ የዚያን ቀን ግን ጄሉን ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። መብራቱን አበራሁ። አምስቱ ሰዎች ሁለት ሁለት ሰረዝ። ሚጣ ሦስት። ወንድሜ ሦስት። «ደህና» ሦስት። ሙሽሪት ሁለት።

ከአራታችን አንዲት ደህና ሰው ነበረች፣ እሷም ሙሽሪት ናት። ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ስለ ራሴ ዓይን አልነበረም። ያንን ሻይ ጠጥቼ መውጣቴ ነው ያስለቀሰኝ።

ፕሮፌሰሩ ሲገቡ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከክንዴ ጀምሬ። ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ቆመው ሰሙኝ።

«በስንት የታተመ የጥናት ጽሑፋችን ላይ ነው ያ ደም ያለው?»

«በሰባት።»

«በሌሎቹ ዘረመሎች በኩል ችግር ላይኖረው ይችላል» አሉ፣ ለራሳቸው። «ላይኖረው ይችላል። ግን አናውቅም።» ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለቤተሰቤ ዛሬ ልንገራቸው» አልኳቸው።

«አይሆንም። አንድ ጊዜ እርግጠኛ ሆነን ነግረን ተሳስተናል። አንድ ወር ስጪኝ። ሌላ ላብራቶሪ ልከን እነሱም ይዩት። ሁለተኛ ጊዜ ከተሳሳትን ማን ነው የሚያምነን?»

ትክክል ነበሩ፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቀን ቀን ሥራዬን እሠራለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያንኑ ምርመራ እደግማለሁ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያው ወጣ። በመካከል አንድ ክፉ ሐሳብ እየመጣ ያባብለኝ ነበር፤ ሙሽሪት የተሸከመችው ጥፋት ቢሆንም ከጥፋቱ ጋር ተስፋም አላት፣ እውነቱን ብነግራት ሁለቱንም ነው የምወስድባት ይለኛል። ዝም ብልስ? የሚመጣው ልጅ ዓይኑ ደህና ከሆነ ሚጣን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለች ትኖራለች። ካልሆነ ደግሞ ምን በልቼ ነው፣ ምን ነክቼ ነው እያለች ታብዳለች። በየትኛውም በኩል ዕዳው እሷ ላይ ነው የሚወድቀው፤ የኛ ቤት ሰው ደግሞ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል።

በአምስተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ሌላ ሰው ይመስላል። «ትኩሳት አላት። ጉንጯ እስከ አንገቷ ድረስ አብጧል። የጥርስ ሐኪሙ ለነፍሰ ጡር የማይጎዳ መድኃኒት ነው ብሎ አዞላታል፣ ገዝቼ አመጣሁ፣ እሽጉን እንኳ አልከፍትም አለችኝ። እትዬ፣ ያንቺን ቃል ትሰማለች፣ ነይ።»

የፕሮፌሰሩ አንድ ወር እዚያው ላይ አበቃ። ካፖርቴን ሳልቆልፍ ሄድኩ።

ስደርስ ሙሽሪት ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። መድኃኒቱ እንደታሸገ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሟል፣ የት እንደሚቀመጥ የጠፋው ይመስላል። እማዬ ሚጣን ታቅፋ ወንበር ላይ ናት። ስለ እርግዝናው ያን ቀን ነው የሰማችው።

«ጥርስ ነው እንጂ ምን ሌላ ነገር ነው፣ ይቻላል» ትላለች እማዬ። «እንኳንም አልዋጥሽ። ያኔም እንዲህ ተጠንቅቀሽ ቢሆን ኖሮ ይቺ ምስኪን...»

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ዝም በይ» አልኳት።

በሕይወቴ እንዲህ ብያት አላውቅም። ከድንጋጤዋ የተነሳ ዝም አለች፣ እኔም ከድንጋጤዬ የተነሳ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ክኒኑ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ችግሩ ከዘር እንደሆነ፣ ከኛ እንደሆነ፤ ወንድሜ ላይ እንዳለ፣ እኔ ላይ እንዳለ፣ የእማዬም ሞራ የለቅሶ እንዳልነበረ። ጤነኛ ብለን ያወዳደርነው ደም የራሴ እንደነበረና ለአሥራ አንድ ዓመት ማንም እንዳላወቀ። ሙሽሪት ንጹሕ እንደሆነች ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፤ አንዴ ለነሱ፣ አንዴ ፊቷን እያየሁ ለራሷ።

«አንቺው ራስሽ ከዘር አይደለም አላልሽም?» አለች እማዬ።

«ብያለሁ። ተሳስቻለሁ።»

እማዬ ሚጣን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት፣ መነጽሯን አስተካከለችላት። በለሰለሰ ድምፅ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች። «እግዜር ያመጣው ነው። ሰው ምን ያደርገዋል።»

ሙሽሪት በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ባበጠ አፏ ቃላቱን እየመረጠች ነው የተናገረችው።

«የኔ በነበረ ጊዜ ጥፋት ነበር፣ እማማ። የናንተ ሲሆን የእግዜር ሆነ?»

ወንድሜ ሄዶ የመድኃኒቱን እሽግ ከፈተ፣ ውኃ ቀዳ፣ አጠገቧ ተንበርክኮ ሰጣት። «ይቅር በይኝ» አላት። ክኒኑን ተቀብላ ዋጠች፤ እሱን ግን አላየችውም። እማዬ ልጅቷን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፣ ወንድሜም ተከትሏት ገባ፤ እዚያ ውስጥ ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር።

እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሸክም ያወረድኩ መስሎኝ ነበር፣ ሊያመሰግኑኝ ሁሉ ይችላሉ ብዬ አስቤ ነበር። ሙሽሪት ጣሪያውን ታይ ነበር። ከዚያ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብሎ ወደ ሆዷ ሲሄድ አየሁት።

«ቆይ» አለች። «ከናንተ ዘር ከሆነ... ይሄኛውስ?»

«ግማሽ በግማሽ ነው» አልኳት።

«ግማሽ በግማሽ ምን?»

«ሊወርሰው ይችላል፣ ላይወርሰውም ይችላል። ከወረሰው ደግሞ እንደ እኔ ሆኖ ሳያውቀው ሊያረጅ ይችላል። እንደ ሚጣም ሊሆን ይችላል።»

«ልጠነቀቅለት የምችለው ነገር የለም?»

«የለም። ሌንሱ ተሠርቶ አልቋል። የሆነው ሆኗል።»

ዓይኗን ጨፈነች። «አንቺ ያኔ ከዘር አይደለም ባትይኝ ኖሮ...» አለችና ተወችው። እኔም አልጨረስኩላትም። ሁለታችንም የቀረውን እናውቀዋለን፣ የቀረውም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ልቡ ይመታል።

ወደኔ ዞረች። ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዓይን በቀጥታ ስታይ አየኋት፣ የታየውም የኔ ነበር።

«አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ ልላት ነበር። አምስት ሌሎች ሰዎች ጨምሬያለሁ፣ ሐኪሟም ክሩን በዓይኗ አይታዋለች ልላት ነበር። ሁሉም አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ያኔም እርግጠኛ ነበርኩ» አልኳት።